የተረፈው ሰዓት የማን ነው?

(ዲፕ ሜዲስን፤ ደራሲ፦ ኤሪክ ቶፖል፤ መቅድም፦ አብርሃም ቨርጊስ፤ አሳታሚ፦ ቤዚክ ቡክስ፤ እ.ኤ.አ. 2019)

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላል ያገራችን ሰው። አባባሉ እውነትነት አለው፤ ነገር ግን ጥፋቱን ሁሉ በታማሚው ጫንቃ ላይ ይጭናል። ሳይደብቅ ሊናገር መጥቶ የሚሰማው ጆሮ ያጣውስ? ከሌሊት ጀምሮ ወረፋ ይዞ፣ ካርድ አውጥቶ፣ ስሙ ተጠርቶ ገብቶ፣ ገና አፉን ከመክፈቱ የላቦራቶሪ ወረቀት የሚሰጠውስ? ለእሱ የሚሆን ተረት እስካሁን አልሰማሁም።

ስለ እሱ የተጻፈ መጽሐፍ ግን አንብቤአለሁ። «ዲፕ ሜዲስን» ይባላል፤ በአማርኛ «ጥልቅ ሕክምና» ብንለው ያስኬዳል። የታተመው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው፤ ከዚህ በታች የማነሣቸው ዓመታትም ሁሉ፣ ሌላ ካላልሁ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ሰው ሠራሽ አስተውሎት፣ በተለመደው የፈረንጅ ስሙ አርቴፊሻል ኢንተሊጀንስ፣ ሕክምናን ምን ያደርገዋል በሚለው ጥያቄ ላይ ከተጻፉትና ብዙ አንባቢ ካገኙት መጻሕፍት አንዱ ነው። ዛሬ በየስብሰባው የምንሰማው ተስፋ አብዛኛው እዚህ ውስጥ ተጽፎ ይገኛል። ከታተመ ዓመታት ቢያልፉም መሔስ ያለበት ዛሬ ነው እላለሁ። ነገሩ ሁሉ ተስፋ ብቻ በነበረበት ወቅት ሐያሲ ሊለው የሚችለው ነገር ጥቂት ነበር፤ ዛሬ ግን ተስፋውን ከተሠራው ሥራ ጎን አቁሞ ማስተያየት ይቻላል።

ጉልበቱን የታመመው ሐኪም

ቶፖል በካሊፎርኒያ በሚገኘው የስክሪፕስ የምርምር ተቋም የሚሠራ ስመ ጥር የልብ ሐኪም ነው። መጽሐፉን የሚጀምረው ግን በሐኪምነቱ ሳይሆን በታማሚነቱ ነው። በ2016 ጉልበቱ በሰው ሠራሽ ተተካለት። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ጉልበቱ ደርቆ አልታጠፍ አለ፤ ሥቃዩ እንቅልፍ ነሣው። ወደ ቀዶ ሐኪሙ ተመልሶ ሥቃዩን ቢናገር የተሰጠው ምክር የድብርት መድኃኒት እንዲወስድ ነበር። እንግዲህ ይህ ሰው ተራ ታማሚ አይደለም፤ ስሙ በሕክምናው ዓለም የታወቀ፣ ቋንቋውን የሚያውቅ፣ ወረፋ የማይጠብቅ ሰው ነው። እሱም ቢሆን የሚሰማው አጣ። የሌላው እንዴት ይሆናል?

እነዚህ ገጾች የመጽሐፉ ምርጥ ገጾች ናቸው። ደራሲው የዘመኑን ሕክምና በሽታ በራሱ ጉልበት ላይ ያሳየናል። በሽታውም ጥራዝ ነጠቅነት ነው፤ ሐኪሙ ጊዜ የለውም፤ ጊዜ ስለሌለው አይጠይቅም፤ ስላልጠየቀ አያውቅም፤ ስላላወቀ ምርመራ ያበዛል፣ መድኃኒት ያበዛል። ቶፖል ለዚህ ሁሉ የሚያዝዘው መድኃኒት ማሽን ነው። ማሽኑ ራጁን ያንብብ፣ ማስታወሻውን ይጻፍ፣ የጥናቱን ክምር ይመርምር፤ ሐኪሙ በተረፈው ሰዓት ወንበሩን ስቦ ከታማሚው አጠገብ ይቀመጥ። ሕክምናን መልሶ ሰብአዊ የሚያደርገው ማሽኑ ራሱ ነው፤ የመጽሐፉ ዐቢይ ሐሳብ ይኸው ነው።

ሐሳቡ ያምራል። የእኔ ክርክር ግን አንዲት ቃል ላይ ነው፤ «በተረፈው»። የተረፈው ሰዓት የማን ነው?

መትረፉስ ይተርፋል

በቅድሚያ ለደራሲው የሚገባውን ልስጥ። ሰዓቱ አይተርፍም የሚል ሰው ካለ ማስረጃው ይረታዋል። በስዊድን ከሰማንያ ሺህ በላይ ሴቶች የተካተቱበት የጡት ካንሰር ምርመራ ጥናት በ2023 የመጀመሪያ ውጤቱ ታትሟል። በስዊድን ልማድ እያንዳንዱን የጡት ራጅ ሁለት ሐኪሞች ያነቡታል። በጥናቱ ግማሾቹ ሴቶች በዚሁ በነባሩ መንገድ ሲታዩ፣ የግማሾቹን ራጅ ግን ማሽኑ አስቀድሞ እያየ አነስተኛ ሥጋት ያለበትን ለአንድ ሐኪም፣ ከፍተኛ ሥጋት ያለበትን ለሁለት ሐኪሞች ያከፋፍል ነበር። ውጤቱ ምን ሆነ? የሐኪሞቹ የንባብ ሥራ በ44 በመቶ ቀነሰ። የተገኘው ካንሰርም አልቀነሰም፤ እንዲያውም በነባሩ መንገድ ከሺህ ሴቶች በ5.1 ሲገኝ በማሽኑ እርዳታ በ6.1 ተገኘ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ነገር ግን ተስፈኞች አንድ እርምጃ አልፈው ሄደው ነበር። የዚህ ጥበብ አባቶች ከሚባሉት አንዱ፣ በኋላ በ2024 በፊዚክስ ኖቤል የተሸለመው ጄፍሪ ሂንተን፣ በ2016 የራጅ ሐኪሞችን ማሠልጠን ከአሁኑ ይቁም፣ በአምስት ዓመት ውስጥ ማሽኑ ይበልጣቸዋል ብሎ ነበር። አምስቱ ዓመት አለፈ። የራጅ ሐኪም ግን ዛሬም በየአገሩ ተፈልጎ የማይጠገብ ባለሙያ ነው። ሐኪሙ ምስል ብቻ አያነብም፤ ከባልደረባው ጋር ይመክራል፣ ምርመራው አስፈላጊ መሆኑን ይወስናል፣ ላነበበውም ኃላፊ ይሆናል። ቶፖል ከሂንተን የበለጠ ጠንቃቃ ነው፤ ሐኪሙ ይወገዳል አይልም፤ ጊዜ ያገኛል ነው የሚለው። ስለዚህ እኛም በዚሁ ቃሉ እንያዘው።

ከአሁን ቀደም የተሰማ ተስፋ

ሐኪሙን ሊያሳርፍ ወደ ምርመራ ክፍል የገባ ማሽን ይህ የመጀመሪያው አይደለም። በ2009 የአሜሪካ መንግሥት ሆስፒታሎችና ሐኪሞች የታማሚ መዝገባቸውን ወደ ኮምፒዩተር እንዲያዛውሩ የሚያበረታታ ሕግ አወጣ፤ ብዙ ቢሊዮን ዶላርም መደበ። ያኔም ተስፋው ይኸው ነበር፤ ወረቀቱ ይቀራል፣ ስሕተቱ ይቀንሳል፣ ጊዜ ይተርፋል። በ2016 የታተመ አንድ ጥናት ሐኪሞችን በሥራ ላይ እየተከተለ ሰዓታቸውን ቢቆጥር፣ ከታማሚ ጋር ለሚያሳልፉት ለእያንዳንዱ አንድ ሰዓት ሁለት ሰዓት ያህል በኮምፒዩተርና በጽሕፈት ሥራ ላይ እንደሚያጠፉ አገኘ። በ2012 የአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት አንዲት ሕፃን ስለ ምርመራዋ የሣለችውን ሥዕል አትሞ ነበር። ልጅቱ አልጋው ላይ ተቀምጣለች፤ እናትና እኅቶቿ አጠገቧ ናቸው፤ ሐኪሙ ጀርባውን ሰጥቷቸው ኮምፒዩተሩ ላይ ይጽፋል። ከጥናቱ ሁሉ ይልቅ ይህ ሥዕል ይበልጥ ይናገራል።

ለምን እንዲህ ሆነ? ኮምፒዩተሩ ክፉ ስለሆነ አይደለም። መዝገቡ ሲሠራ ከሐኪሙና ከታማሚው ይልቅ የሒሳብ ክፍሉ ተሰምቶ ስለነበር ነው። እያንዳንዱ ሕመም ቁጥር፣ እያንዳንዱ ቁጥር ዋጋ ነበረው፤ ሐኪሙ ቁጥር መዝጋቢ ሆነ። ዛሬ ደግሞ የሐኪሙንና የታማሚውን ንግግር እያዳመጠ ማስታወሻውን የሚጽፍ ማሽን ይሸጣል። አንባቢ ልብ ይበል፤ ሁለተኛው ማሽን የሚሸጠው ከፊተኛው ማሽን ሊያድነን ነው! ከድካም ማሳረፉን የሚመሰክሩ ሐኪሞች ብዙ ናቸው፤ አልክድም። ነገር ግን ንግግርን ወደ ጽሑፍ የሚለውጥ አንድ የታወቀ ፕሮግራም ላይ የተሠራና በ2024 የታተመ ጥናት፣ ከመቶ ድምፆች በአንድ ያህሉ ማንም ያልተናገረውን ሐረግ ፈጥሮ እንደጨመረ አሳይቷል። አንድ ከመቶ ትንሽ ይመስላል። ያ አንዱ የእርስዎ መዝገብ ቢሆንስ?

የአዲስ አበባው ልጅ

መጽሐፉን ለእኛ የሚያቀርበው ሰው ከመቅድሙ ላይ ነው ያለው። አብርሃም ቨርጊስ በ1955 አዲስ አበባ ተወለደ፤ ወላጆቹ ከሕንድ አገር የመጡ መምህራን ነበሩ። ሕክምና መማር የጀመረው እዚሁ ሲሆን፣ አብዮቱ ትምህርቱን አቋረጠበት፤ አሜሪካ ሄዶ በሆስፒታል ረዳትነት ሠራ፤ ሐኪም ሆኖ የተመረቀው ማድራስ ነው። በ2009 ያሳተመው «ከቲንግ ፎር ስቶን» የተባለው ልብ ወለድ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ባለ «ሚሲንግ» በተባለ የፈጠራ ሆስፒታል ያደጉ መንታ ወንድማማቾችን ታሪክ ይተርካል። ስሙ «ሚሽን» የሚለው ቃል በአገሬው አፍ ተለውጦ የመጣ መሆኑ ለእኛ አንባቢዎች ፈገግ የሚያሰኝ ነው። በዚያ ልብ ወለድ ውስጥ ሕክምና የእጅ ሙያ ነው። ጎሽ የተባለው ሐኪም አሳዳጊ አባት የልብ ትርታን በጣት መዳሰስን ለልጁ እንደ ፊደል ያስቆጥረዋል።

ቨርጊስ በልብ ወለዱ ብቻ አላቆመም። በ2008 በአንድ ታላቅ የአሜሪካ የሕክምና መጽሔት ላይ፣ አልጋ ላይ የተኛው ታማሚ ቀስ በቀስ ምልክት ብቻ እየሆነ፣ እውነተኛው ታማሚ ተብሎ የሚታከመው ግን ኮምፒዩተሩ ውስጥ ያለው እንደሆነ ጽፏል። ሐኪሞቹ ከአልጋው ራቅ ብለው በማያ ገጹ ዙሪያ ይሰበሰባሉ፤ ቁጥሮቹ ይታከማሉ፤ ሰውዬው ይጠብቃል። በሚያስተምርበት በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲም ተማሪዎች በእጅ መመርመርን እንዳይረሱ የሚያደርግ ትምህርት አቋቁሟል።

እንዲህ ያለው ሰው ለቶፖል መጽሐፍ መቅድም መጻፉ አስገርሞኝ ነበር። አንብቤ ስጨርስ ግን ሁለቱ ሰዎች የሚፈልጉት አንድ ነገር መሆኑ ገባኝ፤ የአልጋውን ዳር። ልዩነቱ ቨርጊስ ወደ አልጋው የሚሄደው በእግሩ ሲሆን፣ ቶፖል ማሽኑ ያደርሰኛል ብሎ መጠበቁ ነው።

ማሽን የታዘዘውን ይሠራል

ቶፖል አታላይ አይደለም። አይ ቢ ኤም «ዋትሰን» ብሎ የሰየመው ማሽን በ2011 በቴሌቪዥን የጥያቄና መልስ ውድድር ሰዎችን ካሸነፈ በኋላ ካንሰርን ሊያክም ተነሥቶ፣ ሂውስተን በሚገኘው የኤም ዲ አንደርሰን ማዕከል ብቻ ከ62 ሚሊዮን ዶላር በላይ ፈጅቶ ያለ ፍሬ መቅረቱን ጽፏል። አንድ ሙሉ ምዕራፍም ለዚህ ጥበብ ጉድለቶች ሰጥቷል። የሚያጠራጥረኝ ሐቀኝነቱ አይደለም፤ ጉድለቶቹን ማሽኑ ሲበስል እንደሚተዋቸው የልጅነት ጠባዮች መቁጠሩ ነው። መጽሐፉ በታተመበት በዚያው በ2019 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ አንድ ጥናት ግን ሌላ ነገር ያሳየናል።

ጥናቱ የተሠራው በአሜሪካ ተጨማሪ ክትትል የሚያስፈልጋቸውን ታማሚዎች በሚመርጥ ፕሮግራም ላይ ነው። ፕሮግራሙ የሰውን የቆዳ ቀለም አያይም ነበር። ይሁንና ጥቁሮቹ ታማሚዎች ተመሳሳይ ነጥብ ከተሰጣቸው ነጮች ይልቅ በሽታቸው የከፋ ሆኖ ተገኘ። ምክንያቱ ሲፈተሽ፣ ማሽኑ «ማን ይበልጥ ታመመ?» ተብሎ አልተጠየቀም፤ «በማን ላይ ይበልጥ ገንዘብ ይወጣል?» ነበር የተባለው። ቀድሞውንም በጥቁሮች ላይ የሚወጣው ገንዘብ አነስተኛ ስለነበር፣ ማሽኑ በሽታቸውን አሳንሶ አየው። አድልዎው ቢታረም ኖሮ ተጨማሪ እርዳታ ከሚያገኙት መካከል የጥቁሮቹ ድርሻ ከ17.7 በመቶ ወደ 46.5 በመቶ ከፍ ይል ነበር።

ማሽኑ አልተበላሸም። የታዘዘውን በታማኝነት ሠራ። ያዘዘው ግን የገንዘብ ሚዛን ነበር። የተረፈውን ሰዓት ጉዳይ የማነሣውም በዚህ ምክንያት ነው። የራጅ ንባቡን በግማሽ ያቀለለ ማሽን ለሆስፒታል ባለቤት ሁለት ምርጫ ያቀርብለታል። ሐኪሙ ከእያንዳንዱ ታማሚ ጋር እጥፍ ጊዜ እንዲቆይ ማድረግ፤ ወይም እጥፍ ታማሚ እንዲያይ ማዘዝ። የትኛው እንደሚቀናው ለመገመት ኮምፒዩተር አያስፈልግም።

ቶፖል ይህን ያውቀዋል። «ጥልቅ ርኅራኄ» በሚለው የመጨረሻ ምዕራፉ፣ የተረፈው ጊዜ ሐኪሙን ይበልጥ ለማጣደፍ ሊውል እንደሚችል ይጠቅሳል፤ ሐኪሞች ለታማሚዎቻቸው እንዲነሡም ይጠራል። በዚያው ዓመት በኒው ዮርከር መጽሔት ላይ ሐኪሞች መደራጀት እንዳለባቸው የሚከራከር ጽሑፍ አውጥቷል። መጽሐፉ መጀመር የነበረበት እዚህ ላይ ነው። ከአሥራ ሦስቱ ምዕራፎች አሥራ ሁለቱ ጥናት በጥናት ላይ፣ ኩባንያ በኩባንያ ላይ እየደራረቡ ሰዓቱ እንዴት እንደሚተርፍ ይነግሩናል፤ ማን እንደሚወስደው የሚናገረው ግን መጨረሻ ላይ ተቻኩሎ የተጻፈ ምክር ነው። በሽታውን በትክክል የለየ ሐኪም ማዘዣውን ሳይፈርም ሄደ።

ወደ እኛስ ሲመጣ?

«ይህ የጠገቡ አገሮች ጭቅጭቅ ነው፤ እኛ ሐኪሙ መቼ ኖሮን ጊዜው ይሰረቃል?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ክርክሩ ጠንካራ ነው። በአገራችን አንድ ሐኪም የሚደርሰው ለአሥር ሺህ ሰው ገደማ ነው። ኢትዮጵያ የሳንባ ነቀርሳ ከሚበዛባቸው ሠላሳ አገሮች አንዷ ናት። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸውን ሰዎች የደረት ራጅ በሰው ፈንታ ማሽን አንብቦ የሳንባ ነቀርሳ ተጠርጣሪን ሊለይ እንደሚችል አጽድቋል። የራጅ ሐኪም በሌለበት ወረዳ እንዲህ ያለው ማሽን የማንንም ወንበር አይወስድም፤ ባዶ ወንበር ላይ ነው የሚቀመጠው። እሰየው እላለሁ።

ይሁንና የታይላንድን ታሪክ እንስማ። ጉግል በስኳር በሽታ የሚመጣን የዓይን ጉዳት ከፎቶግራፍ የሚለይ ፕሮግራም በዚያች አገር ክሊኒኮች ሞክሮ ነበር። በ2020 በወጣው ዘገባ መሠረት፣ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ከገቡት 1,838 ፎቶግራፎች 21 በመቶው ጥራት ጎደላቸው ተብለው ተመለሱ። ክፍሉ በቂ ጨለማ አልነበረውም፤ ኢንተርኔቱ ይቆራረጥ ነበር። ፎቶግራፉ የተመለሰበት ታማሚ ሌላ ቀን ሌላ ቦታ ሂድ ይባላል፤ ማለትም የሥራ ቀኑን ይከስራል። ነርሷም ማሽኑን ለማስደሰት ስትታገል ጊዜዋ ያልቃል። እዚህ ጊዜ አልተረፈም፤ ከማሽኑ ወደ ነርሷና ወደ ታማሚው ተዛወረ እንጂ። መብራቱና ኔትዎርኩ እንደኛ በሆነበት አገር ይህ ሊታሰብበት ይገባል።

ሁለተኛው ነገር ቋንቋ ነው። ባለፈው ክረምት እናቴን ወደ አንድ ጤና ጣቢያ ወስጄአት ነበር። ወጣቷ ሐኪም «እማማ፣ የት ላይ ነው የሚያምዎት?» አለቻት። እናቴም «ልቤን ነው ልጄ፤ ልቤን ያቃጥለኛል» አለች። ሐኪሟ መጻፍ አልጀመረችም። «እስቲ በእጅዎ ያሳዩኝ» አለቻት። የእናቴ መዳፍ ከእንብርቷ በላይ፣ ጨጓራዋ ላይ አረፈ። ሐኪሟ ለጥንቃቄ የልቧንም ትርታ አዳመጠች፤ ከዚያ ስለ ምግቧ ትጠይቃት ጀመር። «ልብ» የሚለውን ቃል በጆሮዋ ሰማች፤ ትርጉሙን ያገኘችው ግን በዓይኗ ነው።

በዚያ ክፍል ውስጥ የሚያዳምጥ ማሽን ብቻ ቢኖር ምን ይጽፍ ነበር? የኛ ሰው ወገቡን ሲያመው «ኩላሊቴን» ይላል፤ እግሩ ሲደነዝዝበት «ነርቭ ነው» ይላል፤ ከንፈሩ ላይ ሲቆስል «ምች መታኝ» ይላል። እነዚህ ማሽኖች በአብዛኛው የተማሩት ከእንግሊዝኛ ነው፤ የአማርኛ ድርሻቸው ጠብታ ነው፤ የሌሎቹ ቋንቋዎቻችን ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው። ሕመምን በሆድና በልብ የሚናገር ሕዝብ፣ ማሽኑ ከመግባቱ በፊት ቋንቋውን የሚያስተምር ሰው ያስፈልገዋል።

ሦስተኛው ነገር የሐኪሞቻችን እጅ ነው። በ2025 የታተመ የፖላንድ ጥናት የትልቁን አንጀት ውስጥ በመሣሪያ የሚያዩ ልምድ ያላቸው ሐኪሞችን ተመልክቷል። ማሽኑ አጋዥ ሆኖ ከገባ በኋላ፣ ያለ ማሽኑ በሠሩባቸው ምርመራዎች ወደ ካንሰር ሊለወጥ የሚችል እብጠት ያገኙት ከመቶ በ22.4 ነው፤ ማሽኑ ከመምጣቱ በፊት ግን 28.4 ነበር። አንድ ጥናት የመጨረሻ ቃል አይደለም። ግን መብራት በጠፋ ቁጥር ማሽኑ ዐይኑን በሚጨፍንበት አገር፣ ሐኪሙም አብሮ ከጨፈነ ለማን አቤት ይባላል?

በዚሁ በ2025፣ በእኛ አቆጣጠር በግንቦት 2017 ዓ.ም.፣ የሕክምና ባለሙያዎቻችን የደመወዝና የሥራ ሁኔታ ጥያቄ አንሥተው ሥራ እስከማቆም ደርሰው ነበር። ያን ጥያቄ ማሽን አይመልሰውም። ሐኪሙ በቀን የሚያየው ታማሚ ብዛት፣ የሚያድርበት ተረኝነት፣ የሚከፈለው ገንዘብ በሰዎች የሚወሰን ነው። የተረፈው ሰዓት ጉዳይም የሚወሰነው እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነው።

መጽሐፉን ያገኘ ሰው እንዲያነብበው እመክራለሁ። ስለ ሕክምና የሚሞግት እውቀት ያለው፣ ከባልደረቦቹ ይልቅ ለታማሚ የቆመ ሰው የጻፈው ነው። ግን ከመጨረሻው ምዕራፍ ይጀምር፤ ከዚያ ወደ ጉልበቱ ታሪክ ይመለስ፤ በመካከል ያሉትን የማሽን ገድሎች በእርጋታ ይያቸው። አንድ ሆስፒታል ወይም አንድ ባለሥልጣን አዲስ ማሽን ገዛን ብሎ ሪባን ሲቆርጥም፣ ስንት በሽታ ይለያል ብሎ ከመጠየቅ ጋር ይህን አንድ ጥያቄ ይጨምር፦ ከዚህ በኋላ ሐኪሙ ከእኔ ጋር ስንት ደቂቃ ይቀመጣል? መልሱ በቁጥር ካልተነገረ፣ ሰዓቱ አስቀድሞ ባለቤት አግኝቷል ማለት ነው።